የጌም ኮምፒውተርን ማፋጠን ወይስ ዕቃውን መቀየር? የጆሃንስበርግ ነዋሪ ሊያሰላቸው የሚገቡ ነጥቦች

በጆሃንስበርግ መሀል ከተማ፣ ቀድሞ ጄፒ ይባል በነበረውና ዛሬ ራሂማ ሙሳ ተብሎ በሚጠራው ጎዳና ዙሪያ፣ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ያቀኑት ሰፊ ገበያ ይገኛል። በዚህ ገበያም ሆነ በከተማዋ ልዩ ልዩ ሰፈሮች ኑሯቸውን በመሠረቱ ወገኖቻችን ቤት አንድ ኮምፒውተር ብዙ ተግባር ሲያከናውን ማየት የተለመደ ነው። ቀን የሱቅ ሒሳብ ይያዝበታል፣ ከሰዓት በኋላ የልጆች የትምህርት ቤት ሥራ ይሠራበታል፣ ማታ ደግሞ ወጣቶቹ የእግር ኳስ ወይም የተኩስ ጌም ይጫወቱበታል። ኮምፒውተሩ ዕድሜው ሲገፋና አዳዲስ ጌሞች ሲከብዱት፣ በቤቱ ውስጥ አንድ ክርክር ይነሣል፦ ያለውን ማሽን ከተመደበለት ፍጥነት በላይ ማሠራት ይሻላል ወይስ ገንዘብ አውጥቶ ዕቃ መቀየር?

ጥያቄው የመዝናኛ ብቻ ቢመስልም፣ የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርትና ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ከሚወጣበት ኪስ የሚከፈል ወጪ ጉዳይ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ «ያለ ወጪ የሚገኝ ፍጥነት» እየተባለ የሚነገርለት ኦቨርክሎክ፣ በጥንቃቄ ካልተያዘ የሱቁን ሒሳብና የልጁን የመመረቂያ ጽሑፍ የያዘውን ማሽን ሊያበላሽ ይችላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ማለት ነው። ስለዚህ ውሳኔውን በወሬ ሳይሆን በልኬትና በስሌት መወሰን ይበጃል።

ኦቨርክሎክ ማለት ምን ማለት ነው?

የኮምፒውተር ፕሮሰሰር ሥራውን የሚያከናውነው በምት ነው። 4 ጊጋኸርትዝ የሚሠራ ፕሮሰሰር በአንድ ሰከንድ ውስጥ 4 ቢሊዮን ምቶችን ይመታል። አምራቹ ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ለዓመታት ያለ ችግር ሊሠራበት የሚችለውን የምት ፍጥነትና የቮልቴጅ መጠን ለክቶ ይመድብለታል። ኦቨርክሎክ ማለት ባለቤቱ ይህን ምደባ ትቶ፣ ማሽኑ ሲነሣ በሚከፈተው ባዮስ በሚባለው የማስተካከያ ገጽ ወይም በልዩ ሶፍትዌር፣ ምቱን ከተመደበው በላይ ከፍ ማድረግ ነው። በግራፊክስ ካርድና በራም ላይም እንዲሁ ይሠራል።

ይህ ልማድ ዝናውን ያገኘው በቂ ምክንያት ኖሮት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ኢንቴል ለገበያ ያቀረበው ሴሌሮን 300ኤ የተባለ ርካሽ ፕሮሰሰር የማዘርቦርዱ የምት ፍጥነት ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርትዝ ሲቀየርለት፣ ራሱ ከ300 ወደ 450 ሜጋኸርትዝ ያድግ ነበር። ይህ የ50 በመቶ ጭማሪ ነው። ገዢው በአነስተኛ ገንዘብ የውድ ፕሮሰሰርን አቅም አገኘ ማለት ይቻላል።

ዛሬ ግን ሁኔታው ተለውጧል። ዘመናዊ ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸውንና የኃይል ፍጆታቸውን በየቅጽበቱ እየለኩ፣ ፋታ ባገኙ ቁጥር ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይጨምራሉ። በሌላ አነጋገር፣ ቀድሞ ለባለቤቱ ተትቶ የነበረውን ትርፍ አቅም አብዛኛውን አምራቹ አስቀድሞ ተጠቅሞበታል። ዛሬ በቤት ውስጥ በአየር ማቀዝቀዣ የሚገኘው ጭማሪ ብዙውን ጊዜ ከ10 በመቶ በታች ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከ9 ጊጋኸርትዝ በላይ የተመዘገበው የዓለም ክብረ ወሰን የተገኘው በፈሳሽ ሂሊየም በማቀዝቀዝ ሲሆን፣ ይህ ለውድድር እንጂ ለሳሎን የሚሆን ዘዴ አይደለም።

ሁሉም ፕሮሰሰር ለኦቨርክሎክ እንደማይፈቅድም ማወቅ ያስፈልጋል። በኢንቴል በኩል በአብዛኛው ስማቸው መጨረሻ ላይ «ኬ» የሚል ፊደል ያለባቸውና «ዜድ» ከሚባሉት የማዘርቦርድ ዓይነቶች ጋር የሚሠሩት ብቻ ናቸው። በኤኤምዲ በኩል አብዛኞቹ የራይዘን ፕሮሰሰሮች ክፍት ሲሆኑ፣ «ኤ» በሚል ፊደል የሚጀምሩት ርካሽ ማዘርቦርዶች ግን አይፈቅዱም። የሞዴሉን ስም አንብቦ ይህን ማረጋገጥ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ብዙ ክርክርም እዚሁ ላይ ያበቃል።

ነጻ የሚመስለው ፍጥነት ዋጋው

አንድ ፕሮሰሰር የሚፈጀው ኃይል ከምቱ ፍጥነት ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬው ያድጋል። ይህ ቀላል ሕግ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ነው። ፍጥነቱን በ10 በመቶ ለመጨመር ቮልቴጁንም በ10 በመቶ ማሳደግ ቢያስፈልግ፣ የኃይል ፍጆታው 1.1 በ1.1 በ1.1 ሲባዛ የሚገኘው 1.33 ይሆናል። ማለትም 10 በመቶ ፍጥነት ለማግኘት 33 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ይወጣል፤ ይህም ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። 100 ዋት ይፈጅ የነበረ ፕሮሰሰር 133 ዋት ይፈጃል ማለት ነው።

የተገኘውስ ጥቅም ምን ያህል ነው? በ4.2 ጊጋኸርትዝ የሚሠራ ፕሮሰሰር ወደ 4.5 ቢያድግ ጭማሪው 7 በመቶ ነው። ጌሙ በሰከንድ 60 ሥዕል ያሳይ ከነበረና ፍጥነቱን የሚገድበው ፕሮሰሰሩ ብቻ ከሆነ፣ ቢበዛ 64 ሥዕል ያሳያል። ይህን ልዩነት በዓይን ለይቶ የሚናገር ተጫዋች ማግኘት ያዳግታል። ፍጥነቱን የሚገድበው ግራፊክስ ካርዱ ከሆነ ደግሞ ፕሮሰሰሩን ማፋጠን ምንም ለውጥ አያመጣም።

ከፍ ያለ ቮልቴጅ የፕሮሰሰርን ዕድሜ እንደሚያሳጥር የቅርብ ጊዜ ምሳሌዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ባለቤቶች ጌሞቻቸው በድንገት እየተዘጉ መቸገራቸውን ሲያሳውቁ ቆይተው፣ ኩባንያው መንሥኤው ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ መጠየቃቸው መሆኑን ገለጸ። ማስተካከያ በባዮስ ማሻሻያ በኩል ለቀቀ፣ የዋስትናውንም ጊዜ በሁለት ዓመት አራዘመ። ማሻሻያው ጉዳቱን ከመከላከል በቀር አስቀድሞ የተጎዳውን ፕሮሰሰር መልሶ አያድንም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ2023 አንዳንድ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ተቃጥለው በተገኙ ጊዜ፣ ኩባንያው ከቮልቴጆቹ አንዱ ከ1.3 ቮልት እንዳያልፍ ገደብ እንዲጣልበት አድርጓል። እነዚህ ሁለት ጉዳዮች የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፤ ጥቂት አሥርዮሽ ቮልት በባለሙያዎች እጅም ቢሆን ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ በግልጽ የማይታየው ጉዳት ነው። መጠኑን ያለፈ ኦቨርክሎክ፣ በተለይ የራም፣ ማሽኑን ሁልጊዜ አያቆመውም። አንዳንዴ አንዲት አኃዝ ትሳሳትና ስሕተቷ በዝምታ ወደ ፋይል ትገባለች። ጌም ላይ ብትደርስ አንድ ቀለም ይዛባል፤ የሱቅ ሒሳብ ላይ ብትደርስ ግን ፋይሉ ከወራት በኋላ አልከፈት ሲል ነው የሚታወቀው። ኮምፒውተሩ ለጨዋታ ብቻ ካልሆነ ይህ ነጥብ ከሁሉም በላይ ሊመዘን ይገባዋል።

የጆሃንስበርግ ከፍታና የሳሳው አየር

ጆሃንስበርግ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ፣ በእኩል የክፍል ሙቀት ሲታይ፣ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ ልዩነቱ ወደ አንድ አራተኛ ይጠጋል።

ይህ ለኮምፒውተር ምን ፋይዳ አለው? ማራገቢያ ሙቀትን የሚያስወግደው አየርን በሞቀው ብረት ላይ በመግፋት ነው። ማራገቢያው በደቂቃ በሚዞረው ልክ ቢዞርም፣ የሚገፋው አየር ክብደቱ ስለሚያንስ ይዞት የሚሄደው ሙቀትም ያንሳል። በምህንድስና ስሌት መሠረት የማቀዝቀዝ አቅሙ በዚህ ከፍታ ከ10 እስከ 15 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በደርባን ባሕር ዳርቻ ከክፍሉ ሙቀት በ50 ድግሪ ሴልሺየስ የሚበልጥ ሙቀት ላይ የሚረጋ ፕሮሰሰር፣ ያው ማሽን ጆሃንስበርግ ሲመጣ ከ5 እስከ 8 ድግሪ ተጨማሪ ሊሞቅ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ ባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው በቪዲዮ ላይ «በዚህ ማቀዝቀዣ በዚህ ቮልቴጅ ሠርቶልኛል» ብሎ የሚያሳየውን ቁጥር እንዳለ መገልበጥ ለጆሃንስበርግም ሆነ ለአዲስ አበባ ነዋሪ አይበጅም። የእሱ ማሽን ከሚኖረው የሙቀት ሕዳግ ላይ ጥቂት ድግሪዎች አስቀድመው ተቀንሰዋል። የከተማዋ ክረምት ቀዝቃዛ በመሆኑ በሰኔና በሐምሌ የተሞከረ ኦቨርክሎክ ያለ እንከን ሠርቶ፣ ሞቃቱ የታኅሣሥ ወር ሲመጣ መውደቁም የሚጠበቅ ነው። ሙከራው በበጋው ሙቀት ካልተደገመ አስተማማኝ አይባልም።

መብራት፣ ባትሪና መብረቅ

የደቡብ አፍሪካ የመብራት ችግር ለዓመታት የዘለቀ ታሪክ አለው። በኤስኮም የሚካሄደው በተራ መብራት የማጥፋት አሠራር በ2023 እጅግ ከፍቶ፣ ከመጋቢት 2024 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ቆመ፤ በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ለአንዳንድ ቀናት ተመልሷል። ተራው ባይመጣም በጆሃንስበርግ የአካባቢ መስመሮች ብልሽት ምክንያት መብራት በድንገት መጥፋቱ አልቀረም። በዚህም የተነሣ በርካታ ቤቶች ኢንቨርተርና ባትሪ አስገብተዋል።

እዚህ ላይ ኦቨርክሎክ የሚያስከፍለው ዋጋ በግልጽ ይታያል። ከባትሪው 1 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል መጠቀም ይቻላል እንበል። 250 ዋት የሚፈጅ ኮምፒውተር በዚህ ባትሪ 4 ሰዓት ይሠራል። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም ተፋጥነው ፍጆታው 400 ዋት ከደረሰ ግን ጊዜው ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ከዚያው ባትሪ ኢንተርኔቱና አምፖሉ የሚካፈሉ ከሆነ ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ በጨዋታው ምክንያት ጨለማ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል።

የወር ሒሳቡ በአንጻሩ ያን ያህል አያስፈራም። ተጨማሪ 100 ዋት በቀን 4 ሰዓት ለ30 ቀን ሲሰላ 12 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ለምሳሌ በኪሎዋት ሰዓት 3 ራንድ ቢታሰብ 36 ራንድ ይሆናል። ስለዚህ ከገንዘቡ ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው ሙቀቱና የባትሪው ዕድሜ ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች ግን ለዚህች ከተማ ነዋሪ የግድ ናቸው። የመጀመሪያው የባዮስ ማሻሻያን ይመለከታል። ማሻሻያው በመካሄድ ላይ እያለ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። በመሆኑም ከመጀመር በፊት የሰፈሩን የመብራት ተራ በስልክ መተግበሪያ ማረጋገጥና ኮምፒውተሩን ከባትሪ ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል። ሁለተኛው መብረቅን ይመለከታል። ጆሃንስበርግ ያለችበት ደጋማ አካባቢ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ከሰዓት በኋላ በሚነሣ የነጎድጓድ ዝናብ ይታወቃል። ዝናቡ ሲያጉረመርም የኮምፒውተሩንም የኢንተርኔቱንም ገመድ ከግድግዳ መንቀል ከማንኛውም ውድ መከላከያ የተሻለ ጥበቃ ነው። መብራት ተቋርጦ ሲመለስ የሚፈጠረውን የቮልቴጅ ዝላይ ለመቋቋም ደግሞ የመከላከያ መሰኪያ መጠቀም ይገባል።

ከመጠምጠም መማር፣ ከመግዛት መለካት ይቅደም

ገንዘብ ከማውጣትም ሆነ ቮልቴጅ ከመንካት በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ማሽኑን የሚያዘገየው የትኛው ክፍል ነው? ይህን ማነቆ ለማግኘት ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም።

በመጀመሪያ እንደ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር ያለ በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ይጫኑና ጌሙ እየተካሄደ የግራፊክስ ካርዱን፣ የፕሮሰሰሩንና የራሙን አጠቃቀም በስክሪኑ ጥግ ይመልከቱ። ግራፊክስ ካርዱ ያለማቋረጥ ከ95 በመቶ በላይ የሚሠራ ከሆነ ማነቆው እሱ ነው። ካርዱ 60 ወይም 70 በመቶ ብቻ እየሠራ ጌሙ የሚንቀረፈፍ ከሆነ ግን ፕሮሰሰሩ ወይም ራሙ ወደ ኋላ እየጎተተው ነው ማለት ነው።

በሁለተኛ ደረጃ የስክሪኑን ጥራት ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ዝቅ አድርገው ጌሙን እንደገና ይሞክሩ። የነጥቦቹ ብዛት ከግማሽ በታች ስለሚወርድ የግራፊክስ ካርዱ ሸክም በእጅጉ ይቀልለታል። ፍጥነቱ በግልጽ ከጨመረ ማነቆው ካርዱ ነበር፤ ምንም ካልተለወጠ ፕሮሰሰሩ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ ስክሪኑን አይርሱ። በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ የሚታደስ ስክሪን ማሽኑ 90 ሥዕል ቢያመርትም በሰከንድ ከ60 በላይ አያሳይም። እንዲህ ያለ ስክሪን ያለው ሰው ጌሙ 60 ላይ ረግቶ ከሄደለት ለተጨማሪ ፍጥነት የሚያወጣው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ በዓይኑ የማያየው ነገር መግዣ ይሆናል።

በመጨረሻም የማሽን ዝግመትን ከኢንተርኔት መዘግየት መለየት ያስፈልጋል። ተጫዋቹ ሲተኩስ ምላሹ ዘግይቶ የሚመጣው ሰርቨሩ አውሮፓ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ከጆሃንስበርግ ለንደን በቀጥታ መስመር 9,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ገመዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ ደርሶ መልስ 90 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ገመዶቹ ግን የአፍሪካን ባሕር ዳርቻ ተከትለው ስለሚዞሩ መዘግየቱ ከዚህም እጅግ ይበልጣል። ይህን የትኛውም ፕሮሰሰር አያስተካክለውም። መፍትሔው በጌሙ ማስተካከያ ውስጥ የደቡብ አፍሪካ ሰርቨር ካለ እሱን መምረጥ ነው።

ያለ ወጪ የሚገኘው እውነተኛ ትርፍ

ከኦቨርክሎክ በፊት፣ አደጋቸው አነስተኛ ሆኖ ጥቅማቸው ብዙ ጊዜ የሚበልጥ ሥራዎች አሉ።

አንደኛው ጽዳት ነው። የከተማዋ ደረቅ ክረምት አቧራማ በመሆኑ የማቀዝቀዣው ብረት ክንፎች በሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ ይደፈናሉ። ማሽኑን አጥፍቶና ነቅሎ በለስላሳ ብሩሽና በአየር ማጽዳት፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለውን የደረቀ ሙቀት አስተላላፊ ቅባትም መቀየር፣ በሙቀት ምክንያት ፍጥነቱን ቀንሶ የነበረ ማሽን ወደ ቀድሞ አቅሙ እንዲመለስ ያደርጋል።

ሁለተኛው ራም ነው። ብዙ ሰው በፍጥነቱ መርጦ የገዛው ራም በዝቅተኛው ፍጥነት ሲሠራ ሳያውቅ ዓመታት ያልፋሉ። 3200 ተብሎ የተገዛ ዲዲአር4 ራም በባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባለው ምርጫ ካልበራ በ2133 ወይም በ2400 ሊሠራ ይችላል፤ ለአዲሱ የኤኤምዲ ዲዲአር5 ተመሳሳዩ ምርጫ ኤክስፖ ይባላል። በዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ውስጥ ፍጥነቱን ማየት ይቻላል። ምርጫውን ከማብራት በፊት ባዮሱን ወደ አዲሱ እትም ማሳደግ፣ ካበሩ በኋላም የራም መፈተኛ ሶፍትዌር ለሰዓታት ማስኬድ ተገቢ ነው፤ አምራቾቹ ይህንንም ቢሆን እንደ ኦቨርክሎክ ይቆጥሩታልና። ራሙ አንድ ብቻ ከሆነም ተመሳሳይ ሁለተኛ ራም መጨመር መረጃ በሁለት መስመር እንዲመላለስ ስለሚያስችል በፕሮሰሰር ለተገደቡ ጌሞች ጥሩ ለውጥ ያመጣል።

ሦስተኛው የኦቨርክሎክ ተቃራኒ ነው፤ የግራፊክስ ካርዱን ቮልቴጅ መቀነስ። ካርዱ በ1.05 ቮልት የሚሠራበትን ፍጥነት በ0.95 ቮልት መሥራት ከቻለ፣ በዚያው የካሬ ሕግ መሠረት ፍጆታው በ18 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ፍጥነቱ ሳይጓደል ሙቀቱ ይወርዳል፣ የማራገቢያው ጩኸት ይቀንሳል፣ ባትሪውም ይቆያል። አየሩ ለሳሳበትና መብራቱ ለማይታመንበት ከተማ ይህ ዘዴ ከማፋጠን ይልቅ ይስማማል። ከተሳሳተም ጌሙ ይዘጋል እንጂ ከፍ ያለ ቮልቴጅ የሚያስከትለው ዓይነት ጉዳት በዕቃው ላይ አይደርስም።

መቀየር የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ማነቆው ተለይቶ፣ ያለ ወጪ የሚደረገው ሁሉ ተደርጎ ጌሙ አሁንም ካልረካ፣ ቀጣዩ ጥያቄ ማዘርቦርዱ ምን ያህል ቦታ ትቶልናል የሚለው ነው። ሁለት እኩያ ማሽኖች እዚህ ላይ ፍጹም የተለያየ ዕድል አላቸው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለት ጎረቤታሞች ኮምፒውተር ገዙ እንበል። አንደኛው ኢንቴል ኮር አይ7 7700ኬ፣ ሌላኛው ኤኤምዲ ራይዘን 5 1600 ያለበትን ወሰዱ። የመጀመሪያው ማሽን ማዘርቦርድ ቀጥለው የወጡትን የኢንቴል 8ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች አይቀበልም፤ መሰኪያው በቅርጹ አንድ ዓይነት ቢሆንም ኩባንያው አዲስ ማዘርቦርድ እንዲያስፈልግ አድርጓል። ስለዚህ ፕሮሰሰሩን መቀየር ማለት ማዘርቦርዱንም፣ ምናልባት ራሙንም መቀየር ማለት ነው። የሁለተኛው ጎረቤት መሰኪያ ኤኤም4 የሚባለው ሲሆን፣ ኤኤምዲ በ2022 ለአሮጌዎቹ ማዘርቦርዶች በሰጠው ፈቃድ መሠረት ባዮሱን ብቻ አሳድጎ የ5000 ተከታታይ ፕሮሰሰሮችን ማስገባት ይችላል። ከእነዚህ መካከል በዚያው ዓመት ሚያዝያ የወጣው 5800ኤክስ3ዲ 96 ሜጋባይት ፈጣን ውስጣዊ ማኅደር ስላለው ለጌም ተመራጭ ሆኖ ቆይቷል። አንድ ዕቃ በመቀየር ብቻ የሚገኘው ለውጥ የትኛውም ኦቨርክሎክ ከሚሰጠው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

በመጀመሪያው ጎረቤት ላይ ሌላም ነገር ተጨምሮበታል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆነ በቀር የኢንቴል 8ኛ ትውልድ ወይም የራይዘን 2000 ተከታታይና ከዚያ በኋላ የመጡትን ይጠይቃል። ሁለቱም የ2017 ፕሮሰሰሮች ከዚህ መስፈርት ውጭ ናቸው፤ ግን አንደኛው ጎረቤት በአንድ ፕሮሰሰር ሲሻገረው ሌላኛው ማሽኑን እንደገና መገንባት ይኖርበታል። የሱቅ ሒሳብና የባንክ የይለፍ ቃል ለሚቀመጥበት ኮምፒውተር የደኅንነት ማሻሻያ መቋረጡ ከፍጥነቱ ይልቅ የሚያስጨንቅ ጉዳይ ነው፤ ይህን ደግሞ ኦቨርክሎክ አይፈታውም።

የወጪ ቅደም ተከተሉ ማነቆውን ይከተላል። ሃርድ ዲስኩ አሮጌው ተሽከርካሪ ዓይነት ከሆነ ኤስኤስዲ መግባቱ ማሽኑን ለሥራውም ለትምህርቱም ያፈጥነዋል፤ የጌሙ የመጫኛ ጊዜም ያጥራል፣ በሰከንድ የሚታየው ሥዕል ግን ብዙም አይጨምርም። ማነቆው ግራፊክስ ካርዱ ከሆነ፣ ካርዱን ከመግዛት በፊት ፓወር ሰፕላዩ አዲሱን ካርድ መሸከም መቻሉን፣ የሳጥኑም ስፋት መብቃቱን ማረጋገጥ ያሻል። ራምን በተመለከተ ከ2025 መገባደጃ ጀምሮ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት በፈጠሩት ፍላጎት የዓለም ዋጋው በእጅጉ አሻቅቧል። ስለዚህ ራም የሚያስቀይር ግንባታ ከመጀመር ይልቅ ያለውን ራም ይዞ የሚዘልቅ ማሻሻያ ዛሬ የተሻለ አዋጭነት አለው።

ዋስትናና ያገለገለ ዕቃ

በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ፣ ከነጋዴ የተገዛ ዕቃ በስድስት ወር ውስጥ እንከን ቢገኝበት ገዢው እንዲጠገንለት፣ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ይህ መብት ለስደተኛውም ለዜጋውም እኩል የሚሠራ ስለሆነ ደረሰኝን መያዝ ዋጋ አለው። ይሁን እንጂ ዕቃው ከአምራቹ መመሪያ ውጭ ተለውጦ ከሆነ መብቱ በዚያው ልክ ይጠባል። የፕሮሰሰር አምራቾችም በኦቨርክሎክ ምክንያት የደረሰ ጉዳት በዋስትናቸው እንደማይሸፈን ይገልጻሉ። አዲስ የተገዛን ዕቃ በመጀመሪያዎቹ ወራት ማፋጠን ይህን መድን በገዛ እጅ መጣል ነው።

ያገለገለ ዕቃ ከግለሰብ ሲገዛ ይህ ጥበቃ የለም። በተለይ በግራፊክስ ካርድ ገበያ፣ ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በመስከረም 2022 በካርድ መመረቱ ሲቀር በርካታ ሌት ተቀን ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች ለሽያጭ ቀርበዋል። ካርዱን በሻጩ ፊት ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት በከባድ ጌም ማሠራት፣ ሙቀቱንና የማራገቢያውን ድምፅ መከታተል፣ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ መታየት አለመታየቱን ማየት ያስፈልጋል። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢማርክ ትቶ መሄድ ይመረጣል።

ታዲያ ምን ይወሰን?

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ሲጠቃለል ውሳኔው ወደ አራት ሁኔታዎች ይወርዳል።

ማሽኑ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት የሚያሟላ፣ ጌሙም ለጥቂት የሚያንሰው ከሆነ፣ ጽዳትና የራም ማስተካከያ ይበቃዋል። ማነቆው ግራፊክስ ካርዱ ሆኖ ፕሮሰሰሩ ገና ብርቱ ከሆነ፣ ገንዘቡ ለካርድ ይዋል፤ ማሽኑም በልኩ ይሠራ። ማነቆው ፕሮሰሰሩ ሆኖ ማዘርቦርዱ አዲስ ትውልድ የሚቀበል ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩን ብቻ መቀየር ከሁሉም አዋጭ ነው። ማዘርቦርዱም መንገዱ ያለቀበት፣ ዊንዶውሱም ድጋፍ የተቋረጠበት ከሆነ ግን በአሮጌው ላይ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ከማውጣት ገንዘቡን አጠራቅሞ አዲስ መሠረት መጣል ይሻላል።

ኦቨርክሎክ በዚህ ዝርዝር ውስጥ ቦታ የለውም ማለት አይደለም። ዋስትናው ያለፈበት፣ ከባድ ማቀዝቀዣ የተገጠመለት፣ ጠቃሚ ፋይል የማይቀመጥበትና በቅርቡ ሊተካ የታሰበ ማሽን ያለው ወጣት ቢሞክረው የሚማርበት ጥሩ መስክ ነው። ቮልቴጁን ሳይነካ ምቱን በትንሽ በትንሹ እየጨመረ፣ ከእያንዳንዱ ጭማሪ በኋላ አንድ ሰዓት እየፈተነ፣ ሙቀቱ ከ85 ድግሪ ሳያልፍ ይቀጥል። ከአንድ ቮልት አንድ መቶኛው እንኳ ምን እንደሚያደርግ በገዛ እጁ ያያል፤ ከእንዲህ ዓይነቱ ጉጉት ተነሥተው ወደ ኤሌክትሪክና ኮምፒውተር ምህንድስና የገቡ ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም።

የቤተሰቡን ሒሳብ፣ የልጆቹን ትምህርትና የወጣቱን ጨዋታ በአንድነት የተሸከመ ማሽን ግን ለሙከራ መዋል የለበትም። ለእንዲህ ዓይነቱ ኮምፒውተር የሚበጀው በልኩ እየሠራ፣ በንጽሕና ተይዞ፣ ፋይሎቹ በሌላ ዲስክ ላይም ተቀድተው መቆየቱ ነው። ምንም ዓይነት ለውጥ ከመደረጉ በፊት መከናወን ያለበት የመጀመሪያ ሥራም ይኸው ነው፤ ዛሬውኑ የፋይሎቹን ቅጂ ማስቀመጥ።